«ወገቤ ልጅ ማቀፍ ካልቻለ ለምን አገባታለሁ?»

ቀን ከታማሚዎቼ፣ ማታ ከደብዳቤዎቻችሁ ጋር እየታገልኩ ይኸው ሳምንቱ አለቀ። ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ግማሹ የፍቅር፣ ግማሹ የወገብና የአንገት ነው። የዛሬው ወጣት ግን ሁለቱንም በአንድ ፖስታ አሽጎ ነው የላከልኝ። ስሙንም ሰፈሩንም አልናገርም። ደብዳቤውን አሳጥሬ እነሆ፦

«ውድ እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የ28 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። የዛሬ 8 ወር ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ ነበርና ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በሁለት እጄ አንጠልጥዬ ደረጃ ስወጣ፣ 3ኛው ፎቅ ላይ ወገቤ ቀጭ አለ። እዚያው ቁጭ አልኩ። ጎረቤት ደግፎ አስገባኝ። መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ ሄጄ ታሸሁ፣ ቀጥሎ መርፌ ተወጋሁ። ሁለት ወር ሙሉ ሳይሻለኝ ሲቀር ከደሞዜ አጠራቅሜ ኤምአርአይ ተነሳሁ። ውጤቱን ያነበበልኝ ባለሙያ ‹ሁለት ቦታ ላይ ዲስክህ ወጥቷል፣ ወገብህ የሽማግሌ ወገብ ሆኗል፣ ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳታነሳ› አለኝ።

«ከዚያች ቀን ጀምሮ እኔ ሰው አይደለሁም። ታክሲ ውስጥ የኋላ ወንበር አልቀመጥም። ጫማዬን የሚያስርልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ኳስ ትቻለሁ። አንድ ጓደኛዬ ትራማዶል ሰጥቶኝ ጥቂት ሳምንት ወሰድኩና ፈርቼ አቆምኩ። ሌላ ሐኪም መርምሮኝ ነርቭህ ደህና ነው ብሎኛል፤ እግሬም አልደነዘዘም። ሕመሙ ግን አለ፣ እንዲያውም ብሶበታል።

«አሁን ዋናው ጭንቀቴ እጮኛዬ ናት። ሽማግሌ ልኬ ተፈቅዶልኛል፤ ሰርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው። ማታ ማታ ሳስበው እንቅልፍ አይወስደኝም። ልጅ ብንወልድ የማላቅፍ፣ አንድ ባልዲ ውሃ የማላነሳላት፣ በሰርጌ ቀን እንኳ የማልጨፍር ባል ምን ያደርግላታል? እሷ ነገሩን አታውቅም፤ ‹ትንሽ ወገቤን ያመኛል› ብቻ ነው ያልኳት። ወገቤ ልጅ ማቀፍ ካልቻለ ለምን አገባታለሁ? ሌላ ምክንያት ፈጥሬ ብለያት አይሻልም ወይ? እባክሽ ቁርጡን ንገሪኝ።»

ቁርጡን ንገሪኝ ነው ያለኝ። እሺ ወንድሜ፣ እነግርሃለሁ። ግን አስቀድሜ የራሴን ጉድ ላውጣ፤ ምክንያቱም «ወገብህ የሽማግሌ ወገብ ነው» ያለህን ባለሙያ ለመውቀስ አፌ ሙሉ አይደለም። እኔም ብያለሁና!

ስራ በጀመርኩ በ2ኛው ዓመት አንዲት እንጀራ እየጋገሩ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናት ወደ እኔ ተላኩ። ወገባቸውን ያማቸዋል። ራጃቸውን ብርሃን ላይ ሰቅዬ አየሁና፣ ያኔ ብዙ የማውቅ መስሎኝ፣ «እናቴ፣ አጥንትዎ ተበልቷል፣ ዲስክዎ አልቋል። ከእንግዲህ አይጎንበሱ» አልኳቸው። አመስግነውኝ ሄዱ።

ከ4 ዓመት በኋላ ግድግዳ ተደግፈው በበሩ ሲገቡ አላወቅኳቸውም። እሳቸው ግን አውቀውኛል። «አንቺ አይደለሽ እንዴ አይጎንበሱ ያልሽኝ? ይኸው 4 ዓመት ሙሉ አልጎነበስኩም» አሉኝ። ምጣዳቸውን ሸጠዋል። የሚያድሩት ቀጥ ብለው በጀርባቸው ተኝተው ነው። መሬት የወደቀ ነገር ካለ ልጅ እስኪመጣ እዚያው ይቆያል። ወገባቸው እንደ ደረቅ እንጨት ገትሯል፣ ሕመማቸውም ከመጀመሪያው በእጥፍ ብሷል። ታዛዥ ታማሚ ነበሩ... የታዘዙት ግን የእኔን ስህተት ነው። ምን ልበላችሁ፣ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ስቃዩ እውነት ነው፤ የሚለካው ግን ሌላ ነው

ብዙዎቻችን ሕመምን የምናስበው እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ነው። ገመዱ ታች ሲሳብ ደወሉ ላይ ይጮሃል፤ በኃይል ከተሳበ በኃይል፣ በቀስታ ከተሳበ በቀስታ። ይህ አስተሳሰብ የእኛ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1664 በታተመ መጽሐፉ ያስተማረው ይህንኑ ነው። እሳት እግርን ሲነካ ገመዱ ይሳብና አንጎል ውስጥ ደወሉ ይጮሃል። በዚህ ሂሳብ ብዙ ካመመህ ብዙ ተጎድተሃል ማለት ነው። ለ8 ወር ካመመህ ደግሞ ለ8 ወር ተሰብረሃል!

ነገሩ እንዲህ ቢሆን ኖሮ የኔ ስራ ቀላል በሆነ ነበር። ግን አይደለም። ሁለት ሰዎች ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው እንግሊዝ አገር የሚኖር የ29 ዓመት የግንባታ ሰራተኛ ነው። ከፍ ካለ ቦታ ሲዘል 15 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ሚስማር ላይ አረፈ። ሚስማሩ ከጫማው ሶል ገብቶ በላይ ወጣ። ሐኪም ቤት ሲደርስ ሚስማሩ ትንሽ በተነካ ቁጥር ስለሚጮህ ኃይለኛ የማስታገሻ መርፌ ተሰጠው። ጫማው ተቀዶ ሲወልቅ ግን... ሚስማሩ ያለፈው በጣቶቹ መካከል ነበር! እግሩ ጭረት እንኳ አልነካውም። ይህ ተረት አይደለም፤ ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ነው። ሰውየው እያስመሰለ ነበር? በፍጹም! ስቃዩ እውነተኛ ስቃይ ነበር። ያልነበረው ቁስሉ ነው።

ሁለተኛው ተቃራኒው ነው። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሄንሪ ቢቸር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በጣሊያን ግንባር ክፉኛ የቆሰሉ ወታደሮችን እያከመ «ማስታገሻ ትፈልጋለህ ወይ?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ከ4ቱ 3ቱ ገደማ አልፈለጉም። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1946 ጽፎታል። ቢቸር ምክንያቱን ሲገምት፣ ለወታደሩ ያ ቁስል ከጦር ግንባር በሕይወት መውጣት፣ ወደ እናቱ ቤት መመለስ ማለት ነው አለ። ቁስሉ አለ፣ ስቃዩ ግን ትንሽ ነው።

አያችሁ? ቁስል ሳይኖር ስቃይ አለ፤ ቁስል ኖሮም ስቃይ የለም። እንግዲህ ደወሉና ገመዱ ተለያዩ ማለት ነው።

አንጎላችን ዘበኛ ነው

ሥጋ፣ ጅማትና ቆዳ ውስጥ ያሉት ነርቮች የሚልኩት «ስቃይ» አይደለም፤ ወሬ ነው። «እዚህ ጋ ተጫን፣ እዚህ ጋ ሞቀ፣ እዚህ ጋ ተለጠጠ» የሚል ወሬ። ወሬው በህብለ ሰረሰር በኩል ወደ አንጎል ይወጣል። አንጎል ወሬውን ሰምቶ፣ የምታየውን፣ የምታስታውሰውን፣ የተነገረህንና የምትፈራውን ሁሉ አንድ ላይ ደምሮ «ይህ አደጋ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ይፈርዳል። አደጋ ነው ካለ ስቃይ ይሰማሃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ፣ አንተን ሳያማክር ነው። ስለዚህ «በጭንቅላትህ ፈጥረኸው ነው» ማለቴ አይደለም! እንዲህ ለሚልህ ሰው ጆሮ አትስጥ። ሕመም ሁሉ፣ የተሰበረ እግር ሕመምም ጭምር፣ የሚሰራው አንጎል ውስጥ ነው።

ደግሞ ወሬው መንገድ ላይ በር አለው። ሮናልድ ሜልዛክ የተባለ ካናዳዊና ፓትሪክ ዎል የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ጽሑፍ፣ ህብለ ሰረሰር ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋ በር አለ አሉ። ዝርዝሩ በኋላ ቢስተካከልም ዋናው ሐሳብ እስከ ዛሬ ጸንቷል። የእኛ እናቶች ግን ቀድመው ያወቁት ይመስለኛል። ልጅ ሲወድቅ «እኔን! እኔን ልጄን!» እያለች የተመታውን ጉልበት ታሻሸዋለች። ማሻሸቱ በአንድ በኩል፣ «እኔን» የሚለው ቃል በሌላ በኩል በሩን ይገፋሉ። ልጁም ከአፍታ በኋላ ሮጦ ወደ ጨዋታው!

አሁን ዘበኛውን ላምጣው። አንድ ግቢ ውስጥ ጥሩ ዘበኛ አለ እንበል። አንድ ሌሊት ሌባ ገባ፣ ዘበኛው ጮኸ፣ ሰፈር ተነሳ፣ ሌባው ሸሸ። ጎሽ! ደሞዙ የሚከፈለው ለዚህ ነው። ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ ዘበኛው እንቅልፍ አጣ። ድመት ስታልፍ «ሌባ!» ይላል። ቅጠል ሲረግፍ «ሌባ!» ይላል። የቤቱ ባለቤት ለሽንት ሲወጣ እንኳ በዱላ ሊለው ይደርሳል። በዚህ ላይ ጎረቤት መጥቶ «አጥርህ እኮ የበሰበሰ ነው፣ በማንኛውም ሰዓት ይወድቃል» ብሎት ቢሄድስ? በቃ፣ አበደ! ሌባው ከሄደ ቆይቷል፤ ጩኸቱ ግን ከቀድሞው ይልቅ ብሷል።

ወንድሜ፣ ያ ዘበኛ ያንተ አንጎል ነው። ጀሪካኑን ያነሳህባት ቀን ጮኸ፣ ልክም ነበር። አብዛኛው የጡንቻና የጅማት ጉዳት ግን በሳምንታት፣ ቢበዛ በ3 ወር ገደማ ውስጥ ይጠገናል። አንተ 8 ወርህ ነው። ከ3 ወር ያለፈ ሕመም ብዙ ጊዜ ስለ ቁስሉ የሚነግረን ትንሽ ነው፤ ስለ ዘበኛው የሚነግረን ይበዛል። ነርቮቹም ህብለ ሰረሰሩም በልምምድ ብዛት ሕመም ማድረስን ይካኑበታል። ድሮ ጀሪካን ሲነሳ የሚጮኸው ዛሬ ጫማ ለማሰር ዝቅ ሲባል ይጮሃል።

አባቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ አይደል? ሎሪመር ሞዝሊ የሚባል አውስትራሊያዊ የፊዚዮቴራፒ ምሁር ይህን ተረት በራሱ እግር አይቶታል። ጫካ ውስጥ ሲሄድ እግሩን አንድ ነገር ቧጨር አደረገው፤ ቁብም አልሰጠው። ለካ መርዘኛ እባብ ነበር፣ ከሞት ነው የተረፈው። ከወራት በኋላ እንደገና ጫካ ሲሄድ እግሩን አንድ ነገር ነካውና በስቃይ ተንፈራፈረ። ቢያዩት... ጭራሮ ነው! እባቡ ሲነድፈው ያልጮኸ ዘበኛ ለጭራሮ ጮኸ። ይኸው ሰው ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት፣ በጣም የቀዘቀዘ ብረት የሰዎች እጅ ላይ እያስነካ አንዳንዴ ቀይ፣ አንዳንዴ ሰማያዊ መብራት አሳያቸው። ብረቱ ያው አንድ ነው፤ ቀይ ሲበራ ግን ይበልጥ አመማቸው። ቀይ አደጋ ነዋ!

እስቲ አስብ። ቀይ መብራት እንዲህ ካደረገ «ወገብህ የሽማግሌ ወገብ ነው» የሚል ቃል ምን ያደርጋል?

ስለዚያ ኤምአርአይ

ዲስክ እንደ ሳሙና አያንሸራትትም። ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር በጽኑ የተያያዘ ነገር ነው። ሊያብጥ፣ ሊገፋ፣ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የተገፋውም ቢሆን ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ በራሱ እየሟሸሸ ይሄዳል።

እንግዲህ ይህን ቁጥር ቆርጠህ መስታወትህ ላይ ለጥፈው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ጥናት 33 የቀድሞ ጥናቶችን ሰብስቦ ወገባቸውን ምንም የማያማቸው 3,110 ሰዎች የተነሱትን ምስል መረመረ። ከ20 ዓመት ወጣቶች መካከል 30 በመቶዎቹ ያበጠ ዲስክ ነበራቸው። ዲስኩ ያረጀባቸው ደግሞ 37 በመቶ ነበሩ። በ50 ዓመት ዕድሜ ያበጠው 60 በመቶ፣ ያረጀው 80 በመቶ ደረሰ። ልብ በሉ፣ ምንም የማያማቸው ሰዎች ናቸው! ይህ እንደ ሽበትና እንደ ፊት መጨማደድ ነው፤ በውስጥ በኩል ስለሆነ አናየውም እንጂ። ለሽበት ብሎ ሰርግ የሚሰርዝ ሰው አይታችኋል?

ምስሉ ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ትልቅ ዲስክ ነርቭ ተጭኖ እግርን ሊያሰንፍ ይችላል። ስለዚህ ነው ሐኪሙ በእጁ መርምሮ «ነርቭህ ደህና ነው» ያለህ ነገር ከፎቶው የበለጠ የሚያስደስተኝ።

ደግሞ እንዳትቀልዱ ልንገራችሁ። የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተው፣ ኮርቻ ላይ ሲቀመጥ የሚነካው አካሉ ከደነዘዘ፣ እግሩ እየሰነፈ ከሄደ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ያለምክንያት መክሳት ከተከተለው፣ ወይም ሕመሙ ከመውደቅና ከመኪና አደጋ በኋላ የመጣ ከሆነ፣ ይህን ጋዜጣ አጥፎ ወደ ሐኪም ቤት ይሩጥ። ሽንትና ሰገራ፣ እንዲሁም የኮርቻ ቦታ መደንዘዝ ከሆነ ዛሬውኑ፣ ለነገ አይባልም! የሳንባ ነቀርሳ የምትሉት በሽታም አከርካሪን ይይዛል፤ በአገራችን ይህ ሊረሳ አይገባም።

ዘበኛውን ማስተማር

ዘበኛን በጩኸት አታሳምነውም። «አይዞህ ምንም የለም» ብትለው አያምንህም። ሌሊት ይዘኸው ወጥተህ «እየው፣ ይህች ድመት ናት፣ ይህች ቅጠል ናት» እያልክ ማሳየት አለብህ። ደግመህ ደጋግመህ! የእኛ ስራ ይኸው ነው። ትምህርቱ ብቻውን ብዙ አይፈይድም፤ ከእንቅስቃሴ ጋር ሲጋባ ነው የሚሰራው። እስቲ ካንተው ኑሮ እንነሳ።

አንደኛ፣ ልክህን ፈልግ። ሕመሙ ሳይብስብህ ስንት ደቂቃ ትራመዳለህ? 10 ከሆነ በ8 ጀምር፤ በየቀኑ፣ ቢያምህም ባያምህም። በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ደቂቃ ጨምር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደህና በሆነበት ቀን ሰፈሩን ሁሉ ዞሮ፣ በማግስቱ ሦስት ቀን ስለሚተኛ ነው። እንዲህ ሲሆን ዘበኛው «አላልኩህም?» ይላል።

ሁለተኛ፣ መጎንበስን ተማር። ወንበር ላይ ተቀምጠህ እጅህን ወደ ጉልበትህ፣ ከዚያ ወደ ቅልጥምህ፣ ከዚያ ወደ ጫማህ። ትንፋሽህን አትያዝ፤ ትንፋሽ መያዝ ለዘበኛው ሌባ መጣ ብሎ እንደማንሾካሾክ ነው። በሳምንቱ የአንድ እግር ጫማህን ራስህ እሰር። ወንድምህም እረፍት ያግኝ እንጂ!

ሦስተኛ፣ ማንሳት ጀምር። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተህ ከወንበር ላይ ወደ ጠረጴዛ። ሲለመድ ከመሬት። ከዚያ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን፣ ከዚያ 10። በሳምንት ሳይሆን በወራት ቁጠረው። ሕፃን ሲወለድ አብዛኛውን ጊዜ 3 ኪሎ ገደማ ነው፤ እንግዲህ ባለ 5 ሊትሩን ያነሳህ ቀን ልጅህን አቅፈሃል ማለት ነው።

አራተኛ፣ ሕመም ከፍ ሲል አትደንግጥ። ልምምድ ሰርተህ ቢያምህና በማግስቱ ወደ ነበረበት ቢመለስ፣ ተጎዳህ ማለት አይደለም። ሁለትና ሦስት ቀን ከቆየ መጠኑን ትንሽ ቀንስ፤ አታቁም ግን። መቀነስና ማቆም ይለያያሉ።

አምስተኛ፣ እንቅልፍህን ጠብቅ። ያልተኛ ዘበኛ የበለጠ ይጮሃል። ስለ ትራማዶልም፣ መተውህ ደግ አድርገሃል። ከጓደኛ ኪስ የሚወጣ መድኃኒት መድኃኒት አይደለም፤ ሱስ የሚያስይዝ ነገር ነው። ማስታገሻ ካስፈለገህ ሐኪምህን ጠይቅ። ይህን ሁሉም ብትችል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አጠገብህ ሆኖ ይምራህ፤ እኔ አንተን በአካል አላየሁህም።

ይሻልሃል ወይ? ሙሉ በሙሉ ይጠፋልሃል ብዬ አልዋሽህም። ቁርጡን ንገሪኝ ብለሃልና። አንዳንዱ ሙሉ በሙሉ ይድናል፤ አንዳንዱ ሕመሙ ከጌታው ወደ ጎረቤቱ ዝቅ ይልለታል፣ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ኑሮውን ግን አይከለክለውም።

ያን ጊዜ የነገርኳችሁ እናት ምን ሆኑ መሰላችሁ? ይቅርታ ጠየቅኳቸውና «ያኔ የነገርኩዎት ስህተት ነው፣ ወገብዎ ጠንካራ ነው» አልኳቸው። አላመኑኝም፤ እኔ ብሆንስ አምን ነበር? በሲኒ ጀመርን። ባዶ የቡና ሲኒ በርጩማ ላይ አስቀምጬ «ያንሱልኝ» አልኳቸው። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቃቸው። ለአንዲት ሲኒ! ሦስተኛ ሳምንታችን ላይ ሲኒዋን ከመሬት አነሱ። እየሳቁ ያለቅሱ ነበር። በ5ኛው ወር ምጣድ ገዙ። እንደ ድሮው 100 እንጀራ አይጋግሩም፣ እያረፉ ትንሽ ትንሽ ነው። «ያመኛል እኮ፣ ግን አልፈራውም» አሉኝ። እኔ ከዚያ ወዲህ ለአንድም ሰው «ወገብህ አልቋል» ብዬ አላውቅም።

አሁን ወደ እጮኛህ

«ሌላ ምክንያት ፈጥሬ ብለያት አይሻልም ወይ?» አልከኝ። አይሻልም! በራስህ ወገብ ላይ አንድ ሰው በአንድ ቃል የፈረደብህ ፍርድ ለወራት እንዳሰቃየህ አየህ። አሁን አንተ ደግሞ በማታውቀው ሰበብ ልትፈርድባት ነው? እሷም የራሷ ዘበኛ አላት እኮ። «ምን አጥፍቼ ነው?» እያለች ዓመታት ልትቆጥር ነው። ላትፈልጋት ትችላለህ፣ መብትህ ነው፤ ያኔ እውነቱን ንገራት። ወገብህን ግን ሰበብ አታድርገው።

ይልቅ ዛሬ ማታ አስቀምጠህ ሁሉንም ንገራት። ወረቀቱንም፣ ፍርሃትህንም፣ ጫማህን ማን እንደሚያስርልህም። ደግሞ እንድትሸከምህ አትጠይቃት፤ አብራህ እንድትራመድ ጠይቃት። 8 ደቂቃዋን ከእሷ ጋር ብትሄዳት ሳይታወቅህ ታልቃለች። ፍርሃቱን የተጋራ ሰው ዘበኛው አጠገብ ፋኖስ ይዞ እንደሚቆም ጓደኛ ነው። ያን ሁሉ ሰምታ ልሂድ ካለች ግን፣ ወገብህ ሳይሆን እሷ ነበረች ለትዳሩ ያልጠነከረችው። የምትሄድ ግን አይመስለኝም።

ስለ ጭፈራው ደግሞ አትጨነቅ። እስክስታ እኮ የትከሻ ነው! ዝላዩን ለሚዜዎችህ ተውላቸው። ጥሪውም አይቅርብኝ፤ ሙሽራው ጫማውን ራሱ ማሰሩን መጥቼ ባይ ደስ ይለኛል።

ውድ አንባብያን፣ እናንተም አጠገባችሁ ወገቡን የሚያመው ሰው ካለ «ተው አታንሳ፣ ትሰበራለህ» ከማለታችሁ በፊት ያችን ሲኒ አስታውሱልኝ።

ለሳምንት ሰው ይበለን። ቸር እንሰንብት!